የጋራ አዳራሽና የጋራ ውኃ፦ ከነገሌ ቦረናና ከደቡብ ቆላማ ከተሞች ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በአካባቢያቸው ባሉ አነስተኛ ከተሞች የሚያገለግሉ ሰበካ ጉባኤያት አዳራሽ ለመሥራት ሲያስቡ፣ ብዙ ጊዜ ውይይቱ የሚጀምረው ከብሎኬት፣ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዋጋ ነው። የአካባቢው ታሪክ እንደሚያሳየው ግን አንድን የመሰብሰቢያ ስፍራ ለትውልድ የሚያቆየው በላዩ የጸናው ሥርዓት ነው። ማን ይገለገልበታል? ማን ይጠብቀዋል? ሲጎዳስ ማን ይጠግነዋል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ያለፈውን ይመረምራል።

ግድግዳ የሌለው ጉባኤ

በእነዚህ ቆላማ ስፍራዎች ከተሞች ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ ሕዝቡ የሚመክርበት ስፍራ ነበረው። የቦረና ሕዝብ በየ8 ዓመቱ ጋዮ በተባለው ስፍራ እየተሰበሰበ ሕጉን የሚመረምርበትና የሚደነግግበት ጉሚ ጋዮ በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄድ ጉባኤ ነው። ግድግዳም ጣሪያም ሳይኖረው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው የታወቀ ጊዜ፣ የታወቀ ስፍራና የታወቀ ደንብ ስላለው ነው። ይህ ጉባኤ ክፍሉ የሆነበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶችም ከዚሁ የተለዩ አይደሉም። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘመሩ፣ ውኃውን በእጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። የዕለቱን የማጠጫ ተራ የሚያስከብር አባ ሂሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። ጉድጓዱ የጋራ ቢሆንም ያለ ኃላፊ አይተውም።

ሰንበቴና ዕድር

ምእመናን በከተሞቹ ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ የሰንበቴን ልማድ ይዘው መጡ። ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያዘጋጀው ዳቦና ጠላ ተባርኮ ይቀመሳል፤ ለነዳያንም ይደርሳል። ሰንበቴ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ጠባብና የጭቃ ቤት ቢሆንም፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የታመመ የሚጠየቅበትና የጎደለው የሚታወቅበት የመጀመሪያው የምእመናን አዳራሽ እርሱ ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ዕድር ደግሞ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዝቶ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ ንብረቱን በመዝገብ ይይዛል። የዕድር ድንኳን ወደ ኀዘንተኛው ደጅ የሚሄድ አዳራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በብዙ ስፍራም በሃይማኖትና በቋንቋ የሚለያዩ ጎረቤቶች በአንድ ዕድር ታቅፈው አብረው ይቀብራሉ።

የቀበሌ አዳራሽ

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። የቀበሌ አዳራሽም ከዚያ ወዲህ በየከተማው የታወቀ ስፍራ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በየቀበሌው ብዙ ጎልማሶች ፊደል ቆጥረዋል፤ ይህ በጎ ሥራ ሊዘነጋ አይገባም። ይሁን እንጂ ነዋሪው ወደ አዳራሹ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ተጠርቶ ነበር። ባለቤትነት ያልተሰማው ሰው ደግሞ ወንበር ሲሰበር ሌላ አካል እስኪጠግነው ይጠብቃል። የዕድሩን ድንኳን በእጁ የሚሰፋው ያው ሰው የአዳራሹን መስኮት ሳይጠግን አልፎ ሄዷል።

ያልተካፈሉት ውኃ

የጋራ ነገር ሥርዓት ሲያጣ ምን እንደሚከተል የነገሌ ከተማ ራሷ ምስክር ናት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ሠራዊት አመፀ። ምክንያቱ የምግብ ብልሽትና የመጠጥ ውኃ እጦት ነበር፤ የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ሲበላሽ መኮንኖቹ በእነርሱ ጉድጓድ እንዳይጠቀሙ ከለከሏቸው። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለ በወታደሮቹ ተይዘው ያንኑ ምግብ እንዲቀምሱ ተደረገ። እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛምቶ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ። ውኃ በዚያው ግቢ ነበረ፤ የጠፋው የመካፈል ሥርዓት ነው።

ጣሪያው የሚሰጠው

የአዳራሽ ጣሪያ በቆላማ ስፍራ ጥላ ብቻ አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይገኛል። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አዳራሽ 200 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ከአምስቱ እጅ አራቱ ቢጠራቀም 80,000 ሊትር ይሆናል። ለዚህ አሸንዳ፣ የተከደነ ማጠራቀሚያና ጣሪያውን ያጠበውን የመጀመሪያ ዝናብ ወደ ውጭ የሚለቅ ቧንቧ ያስፈልጋል። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ያየ አካባቢ ይህን ስሌት ቸል ሊለው አይገባም።

ከመሠረት ድንጋይ በፊት

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ አቀናጅቷል። ስለዚህ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ ይጻፉ።

አንደኛ፣ የይዞታ ማረጋገጫው በእጅ ይግባ፤ አዳራሹም ለኀዘን፣ ለዕርቅና ለችግር ጊዜ ለጎረቤት ሁሉ ክፍት የሚሆንበት ደንብ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ እንደ አባ ሂሬጋ ተራ የሚያስከብር፣ ቁልፍና መዝገብ የሚይዝ ተጠሪ በተወሰነ የአገልግሎት ዘመን ይመረጥ።

ሦስተኛ፣ ከኪራይና ከውኃ አገልግሎት ገቢ የተወሰነው እጅ ለጥገና ብቻ፣ በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ።

ይስሐቅ በቆፈራቸው ሁለት ጉድጓዶች ምክንያት ጠብ ቢነሣበት፣ እልፍ ብሎ ሌላ ቆፈረ፤ ጠብ ያልተነሣባትንም ርኆቦት አላት። የምንሠራው አዳራሽ ርኆቦት ይሆን ዘንድ ሥርዓቱ ከግድግዳው ይቅደም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ካሉት የጋራ ንብረቶች በሚገባ የተጠበቀው የትኛው ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. አዳራሻችን ወይም ሰንበቴ ቤታችን በድርቅ ጊዜ ለእምነት ተከታዮቻችንና ለሌሎች ጎረቤቶቻችን ምን ሊያደርግ ይችላል?
3. የጣሪያችን ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? በአንድ ዓመት ስንት ሊትር ውኃ ሊያስገኝ ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።