የራዲየስ ሰርቨር ለተረከብክ ልጄ

ልጄ፣ የመሥሪያ ቤቱን ራዲየስ ሰርቨር አስረከቡህ አሉኝ፤ እንኳን ደስ አለህ። ወደ ቪፒኤኑና ወደ ስዊቹ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ከእንግዲህ በአንተ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ይፋ ከሆነው ብላስት-ራዲየስ ከተባለው የደህንነት ክፍተት የምትማረው ብዙ ስለሆነ፣ ምክሬን ከዚያ እጀምራለሁ።

1. የያዝከውን ከሥሩ እወቀው። ራዲየስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተነደፈው፣ ሰው በስልክ መስመርና በሞደም ኢንተርኔት በሚገባበት ዘመን ነው። የሰርቨሩ መልስ በመጀመሪያው ባይት ይለያል፦ 2 ከሆነ «ይግባ»፣ 3 ከሆነ «አይግባ»። መልሱ መንገድ ላይ እንዳይለወጥ የሚጠብቀው ሰርቨሩና ጥያቄውን የላከው መሣሪያ (ስዊቹ ወይም ቪፒኤኑ) በጋራ በሚያውቁት ሚስጥር ቃል ላይ ተመሥርቶ በኤምዲ5 የሚሰላ ማህተም ነው።

2. «እስካሁን ማንም አልነካውም» እያልክ አትዘናጋ። ሁለት የተለያዩ መልእክቶች አንድ ዓይነት የኤምዲ5 ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2004 በተግባር ታይቷል። ራዲየስ ግን 20 ዓመት ሙሉ በዚያው ቀጠለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

3. በፓስወርድህ ጥንካሬ ብቻ አትተማመን። በብላስት-ራዲየስ አጥቂው ፓስወርዱንም ሚስጥር ቃሉንም ማወቅ አያስፈልገውም። በመሣሪያውና በሰርቨሩ መካከል ገብቶ የተሳሳተ ፓስወርድ ያስገባል፤ በጥያቄው ላይ ፕሮክሲ-ስቴት በተባለው ቦታ አስልቶ ያዘጋጀውን ዳታ ይጨምራል። ሰርቨሩ ያንኑ ዳታ መልሶ ይልከዋል፤ የ«አይግባ» ማህተም ለ«ይግባ»ም ልክ ሆኖ ይገኛል። ስሌቱ ክፍተቱን ባገኙት ተመራማሪዎች ኮምፒውተሮች ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ወስዷል። መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቁት፤ ግን ፍጥነት በገንዘብ ይገዛል።

4. ዋይፋይህ ደህና ስለሆነ ሁሉም ደህና ነው አትበል። ኢኤፒ የተባለውን የማረጋገጫ ዘዴ የሚጠቀመው የመሥሪያ ቤት ዋይፋይ በዚህ ጥቃት አይነካም። አስተዳዳሪዎች ወደ ስዊችና ራውተር የሚገቡት ግን ብዙውን ጊዜ ፓፕ በተባለው ሌላ ዘዴ ነው፤ ክፍተቱ ያለው እዚያ ነው።

5. ስታስተካክል ቅደም ተከተል ይኑርህ። መጀመሪያ ሰርቨሮቹን አድስ፣ ቀጥሎ መሣሪያዎቹን። ሜሴጅ-ኦተንቲኬተር የተባለውን ተጨማሪ ፊርማ በጥያቄውም በመልሱም አስገድድ። ግን ፊርማውን የማይልክ አሮጌ መሣሪያ እያለ ብታስገድድ ራስህን በር ላይ ታስቀራለህ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

6. ራዲየስን በግልጽ መንገድ አትስደደው። በግቢህ ውስጥ ለአስተዳደር ብቻ በተለየ ኔትወርክ ይሂድ፤ ከግቢ ሲወጣ ደግሞ በቲኤልኤስ ተጠቅልሎ። ከፍሪራዲየስ ጋር የሚመጣውን «ቴስቲንግ123» የተባለ ሚስጥር ቃልም ዛሬውኑ ቀይር።

ነገ ቢሮ ስትገባ የመሣሪያዎችህን ዝርዝር አውጣና በእያንዳንዱ ስም ጎን ሜሴጅ-ኦተንቲኬተር «ይልካል» ወይም «አይልክም» ብለህ ጻፍ። «አይልክም» የሚል አንድ እንኳ ካለ፣ ሥራውን ጨረስኩ ብለህ ለአለቃህ ሪፖርት እንዳታደርግ።