አስቸጋሪውን ምዕራፍ አስቀድመው ይስጡ

አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ ወይም ጊንጪ ተቀምጦ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ረቂቁን ይዞ በቀጥታ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ይገባል። እባክዎ በመካከል ለአርታኢ ያሳዩት። ማተሚያ ቤቱ የሚያትመው የተሰጠውን ነው፤ ስሕተቱንም ጭምር። በደርግ ዘመን መንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የራሱ አርታኢዎች ነበሩት። ዛሬ አብዛኛው ደራሲ በገዛ ገንዘቡ ስለሚያሳትም አርታኢ መፈለጉም በእሱ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

መጀመሪያ የሚፈልጉትን ይለዩ። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ማረም አንድ ሥራ ነው። ምዕራፍ ማዛወር፣ የተደጋገመውን መቁረጥ፣ «ይህ ሰውዬ ከታሪኩ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ይበልጥ ይፈጃል። ጭቅጭቅ የሚነሣው ደራሲው አንዱን ሲጠብቅ አርታኢው ሌላውን ሠርቶ ሲመልስ ነው።

ሰው ለማግኘት ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚቀራረቡ፣ ወድደው ያነበቧቸውን መጻሕፍት የምስጋና ገጽ ይመልከቱ፤ አርታኢው ብዙ ጊዜ እዚያ ይጠቀሳል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራንንም ይጠይቁ። ግን ጥሩ መምህር ሁሉ ጥሩ አርታኢ አይደለም።

ስለዚህ ይፈትኑ። ደጋግመው ያሳመሩትን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሳይሆን ያስቸገረዎትን ይስጡ፤ አሥር ገጽ ይበቃል፣ ዋጋውንም ይክፈሉ። ሲመለስልዎ የገጸ ባሕርያቱን ንግግሮች ልብ ብለው ያንብቡ። የጉደር ገበያ ነጋዴዋ እንደ ዜና አንባቢ መናገር ከጀመረች፣ ያ አርታኢ ምንም ያህል ሰዋስው ቢያውቅ ለእርስዎ አይሆንም። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወልዶ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ አድጎ ነው ለአማርኛ ቴአትር ያን ሁሉ የሰጠው። የአገሬው አነጋገር ሀብት ነው፤ የሚያከብረውን ሰው ይምረጡ። ጥያቄ የሚያበዛብዎትን አርታኢም አይሽሹት፤ ዝም ብሎ ከሚያስተካክለው እሱ ይሻላል።

መጽሐፉ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ቋንቋውን መናገር ብቻ አይበቃም። ቋንቋው በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የአናባቢ ርዝመትና የተነባቢ ጥብቀት ትርጉም ስለሚለውጡ፣ በቁቤ ጽሑፍ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

ከተስማሙ፣ ወዳጅዎም ቢሆን፣ ውል ይጻፉ፦ የሥራው ዓይነት፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ስንት ዙር እንደሚታይ፣ ክፍያውና አከፋፈሉ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራዎ ተዛብቶ ክብርዎን እንዳይጎዳ የመቃወም መብት ይሰጥዎታል፤ የመጨረሻው ቃል የደራሲው መሆኑ በውሉም ይስፈር። ለውጡ ሁሉ ምልክት የተደረገበት ፋይል ይጠይቁ፤ ቀሪውንም ክፍያ እሱን አንብበው ሲጨርሱ ይስጡ።