ከ“ዲ” በታች ያሉት ፊደላት፦ የአውቶማቲክ ማርሽና የሞተር አሠራር

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ድልድዩ ዘንድ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አሽከርካሪው ይህን ቁልቁለት ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ፣ መኪናውን ለመያዝ የሚውለው ኃይል ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ሲበዛ የፍሬን ሸራው የመያዝ አቅም ይደክማል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው በወጉ አይታዘዝም። መፍትሔው ብዙዎች ነክተውት በማያውቁት የማርሽ ፊደል ላይ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ጎዳናዎች የተለመደችው ቶዮታ ቪትዝ ጥሩ ምሳሌ ናት። በአያሌ ሞዴሎቿ ላይ 996 ሲሲ የሆነ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተርና “ሲቪቲ” የተባለ ካምቢዮ ይገኛሉ። ሲቪቲ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ማርሾች የሉትም፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ የፍጥነቱን ምጣኔ ያለማቋረጥ ይለዋውጣል።

የፊደላቱ ትርጉም

“ፒ” ለማቆሚያ፣ “አር” ለኋላ ማርሽ፣ “ኤን” ለዜሮ ማርሽ፣ “ዲ” ለዘወትር ጉዞ ያገለግላሉ። “ኤስ” ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር እንዲሠራ ስለሚያደርግ ለዳገት ይረዳል። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ አነስተኛው ሞተር ይህ እገዛ ያስፈልገዋል።

“ቢ” የቁልቁለት ፊደል ነው። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ አየር ለመሳብ ሲታገሉ የሚፈጠረው ተቃውሞ ጎማዎቹን ይይዛል። የሞተሩ ዙር በጨመረ መጠን መያዙም ይበረታል። በዚህ ጊዜ የሚሰማው ከፍ ያለ የሞተር ድምፅ የብልሽት ምልክት አይደለም።

የዜሮ ማርሽ ስሕተት

ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ መውረድ የቆየ ልማድ ነው። በዘመናዊ ሞተር ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ፣ ሞተሩን ጎማዎቹ ስለሚያዞሩት ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይዘጋል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። አሽከርካሪው ነዳጁንም የሞተሩን ፍሬንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

ትክክለኛው አወራረድ

ቁልቁለቱ ሳይጀመር በፍሬን ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም ማርሹን ወደ “ቢ” ማውረድ ይገባል። በከፍተኛ ፍጥነት ወይም በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በድንገት መቀየር ጎማን ሊያንሸራትት ይችላል። ፍጥነቱ እየጨመረ ከመጣ ፍሬኑን ለጥቂት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መርገጥና መልቀቅ ለማቀዝቀዝ ፋታ ይሰጠዋል። ሞተር ሲይዝ የኋላ የፍሬን መብራት እንደማይበራም መዘንጋት አይገባም፤ ፍሬኑን ነካ ማድረግ ከኋላ ለሚመጣው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።