ጣይቱ ስለ ተባለው ስም

ይህን አጭር ጥናት ለመጻፍ ያነሣሣኝ በክፍላችን የሆነ ነገር ነው። ጣይቱ የምትባል ጓደኛችን «የአሮጊት ስም» እየተባለ ስለ ተሣቀባት፥ ለፈተና ስንመዘገብ ስሟን ፀሐይ ብላ ለማስለወጥ አሰበች። «ጣይ ማለት የተበላሸ ፀሐይ ነው» ያሏትም ነበሩ። ነገሩ እውነት ነውን?

እውነት አይደለም። የግእዙ ፀሐይ ወደ አማርኛ ሲገባ በሕግ ተለወጠ እንጂ አልተበላሸም። መጀመሪያ «ፀ» ወደ «ጠ» ተለወጠ፤ ይህም ፀጉር ጠጉር፥ ጸበል ጠበል፥ ጾም ጦም እንደሚባለው ነው። ሁለተኛ በመካከል ያለው «ሐ» ጠፋ፤ ሠሐቀ ሣቀ፥ ሰሐበ ሳበ እንደ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ፀሐይ ጣይ ተባለ። በመጨረሻ ያለው «ቱ» ደግሞ ላሚቱ፥ ንግሥቲቱ ስንል እንደምንሰማው ሴትን ለይቶ ያመለክታል። ስለዚህ ጣይቱ ማለት «ፀሐይዋ» ማለት ነው። ከሊማሊሞ ሥር በምትገኘው በድብ ባሕራችንም እናቶቻችን «ጣይ ሳትጠልቅ ግቡ» ሲሉን ይህንኑ ቃል መናገራቸው ነው።

ስሙን ያስከበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። የትውልድ ሐረጋቸው ከአገራችን ከሰሜን ነው፤ የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክን አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» መባላቸውም ከስማቸው ጋር የሚስማማ ነው። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የመሸገው የኢጣልያ ጦር ውኃው እንዲያዝበት መክረው አስፈጸሙ፤ የካቲት 23 ቀንም በዓድዋ ከሠራዊታቸው ጋር ተሰለፉ። በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬ ጣይቱ የምትባል ልጅ በብዛት አትገኝም፤ ፀሐይ ግን በየሰፈሩ ይሰማል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በዚህ ስም ተጠርተዋል፤ በ1928 ዓ.ም. በአገራችን የተሠራችውና ኢጣልያ ወስዳ በ2016 ዓ.ም. የመለሰቻት አውሮፕላን በስማቸው ተሰይማለች። ሁለቱም ስሞች መልካሞች ናቸው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን መናቅ ግን አያስፈልግም።

እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁና እኅታችንን በዚህ ገጽ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። የመመዝገቢያው ቀን ገና አልደረሰም። ስሟን ብታስለውጥ መብቷ ነው፤ ነገር ግን በእኛ ሣቅ አፍራ እንዳትለውጠው አደራ እላለሁ።