«ሕዝብ የወደደው» ዘፈን በማን ተቆጠረ?
በአዲስ አበባ ኤፍ.ኤም. ጣቢያዎች የዘፈን አመራረጥ ላይ የቀረበ አጭር ዳሰሳ

መግቢያ

ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሠፈር ነው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በጉለሌ ከሰፈሩ ረጅም ዘመን ሆኗል። ሸማኔ እጁም እግሩም ሥራ ላይ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ጆሮው ብቻ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ከመወርወሪያው ቀጥሎ የሸማኔ ቤት ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነዚሁ ሰዎች ለበዓል አገራቸው ሲገቡ የሚዘፍኑት፣ በአንድ ጊዜ የተለያየ ዜማ እየያዙ በቡድን የሚቀባበሉት ዘፈን በሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ በዓለም የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾ በሸክላ እንዲወጣ አድርጎታል። በከተማችን ሬዲዮ የዘወትር ፕሮግራም ውስጥ ግን ይህን ድምፅ መስማት ብርቅ ነው።

ታዲያ ለምን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አድማጭ የሚወደውን ነው የምናጫውተው» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መልስ መመርመር ነው። «አድማጭ ወደደው» የሚለው ቃል ቁጥር ይፈልጋል። ቆጣሪው ማን ነው? የሚቆጥረውስ በምን ሣጥን ከፋፍሎ ነው?

1. ከአሜሪካ የሚገኝ ትምህርት

ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዘፈኖችን ደረጃ ሲያወጣ የጥቁሮችን ሙዚቃ ለብቻው አስቀምጦ ነበር። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ1942 በጥቁሮች ሠፈር በሃርለም ስም ተጀመረ፤ በ1945 «የዘር ሸክላዎች» ተባለ፤ በ1949 ደግሞ «ሪዝም ኤንድ ብሉስ» ሆነ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሣጥኑ አልፈረሰም። «ፖፕ» የሚለው ሣጥን ግን የነጭ ተብሎ አልተጻፈበትም፤ በቃ «ሙዚቃ» ነበር። አድልዎ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ወገን ስም ይለጠፍበታል፣ ሌላው ስም ሳያስፈልገው ዋናው ይሆናል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ አቆጣጠር ነው። እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአልበሞች ደረጃ የሚወጣው ሱቆች «ይህ በደንብ ተሸጠ» ብለው በሚሰጡት ቃል ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ሳውንድስካን የተባለው አሠራር መጣና ሽያጭ በእያንዳንዱ አልበም ላይ ባለው መለያ ቁጥር ይቆጠር ጀመር። ወዲያው ራፕና ካንትሪ ወደ ላይ ወጡ፤ በሰኔ ወር ኤን.ደብሊው.ኤ. የተባለው የራፕ ቡድን አልበም አንደኛ ሆነ። የሰው ጣዕም በአንድ ወር አልተለወጠም። የተለወጠው ቆጠራው ነው።

በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2019 ሊል ናስ ኤክስ የተባለው ጥቁር ወጣት ዘፈን ከካንትሪ ዝርዝር «ካንትሪ አይደለም» ተብሎ ወጣ። ያው ዘፈን በአጠቃላዩ ዝርዝር ላይ 19 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

2. ወደ እኛ ስንመጣ

በእኛ አገር ጉዳዩ የቆዳ ቀለም አይደለም፤ ቋንቋና የሙዚቃ ስልት ነው። ነገር ግን ሣጥኑ ተመሳሳይ ነው። በአማርኛ የተዘፈነው «ዘፈን» ወይም «ዘመናዊ ሙዚቃ» ይባላል። በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ፣ በሲዳምኛ፣ በጋሞኛ የተዘፈነው ሁሉ ባንድነት «የብሔረሰቦች ዘፈን» ተብሎ ይጠራል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ሆኖ ሳለ አንድ የሚያደርጋቸው አማርኛ አለመሆናቸው ብቻ ነው። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ሣጥኑ ይከፈታል፤ ኅዳር 30 ይዘጋል።

ይህ ነገር ታሪክ አለው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ኦሮምኛ በትምህርት ቤትም ሆነ በመንግሥት ጽሑፍ ቦታ አልነበረውም፤ «በሪሳ» ጋዜጣ እንኳ የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። ዓሊ ቢራ በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ተነሥቶ በኦሮምኛ ሲዘፍን በዚያ ዘመን ነበር። ጥላሁን ገሠሠም በኦሮምኛ የዘፈናቸው ዘፈኖች አሉት፤ አገር የሚያውቀው ግን በአማርኛዎቹ ነው። የድምፁ ባለቤት አንድ ሰው ሆኖ ሳለ አንዱ ቋንቋ በየቤቱ ሲገባ ሌላው ደጅ ቀረ ማለት ነው።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ.ኤም. አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የግሉ ሸገር 102.1 ሥራ ሲጀምሩ ምርጫው ሰፋ፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም የዘፈን መራጩ አሁንም አቅራቢውና ዲጄው ናቸው። በስልክና በኤስ.ኤም.ኤስ. የሚጠየቅ ዘፈንም ቢሆን አድማጩ ቀድሞ ከዚያው ሬዲዮ የሰማው ነው። ያልተሰማ አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀ አይጫወትም።

ሬዲዮና ተወዳጅነት አንድ አለመሆናቸውን ለማየት የቴዲ አፍሮን «ጃ ያስተሰርያል» ማስታወስ ይበቃል። በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ የመንግሥት ጣቢያዎች አላጫወቱትም፤ ሕዝቡ ግን በየታክሲውና በየቤቱ በካሴት ሰማው።

3. እኛም በሣጥን ውስጥ

የዚሁ ድምፃዊ «ኢትዮጵያ» አልበም በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ በቢልቦርድ የ«ወርልድ» አልበሞች ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆነና ብዙዎቻችን ኮራን። መኩራቱ ተገቢ ነው። ግን «ወርልድ ሙዚቃ» ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1987 የሸክላ አሳታሚዎች ለንደን ተሰብስበው ለሱቅ መደርደሪያ የመረጡት ስም ነው። አማርኛ፣ ዎሎፍና ሂንዲ ባንድ መደርደሪያ ተቀመጡ፤ አንድ ያደረጋቸው የምዕራቡ ዓለም ፖፕ አለመሆናቸው ነው። እዚህ «የብሔረሰቦች ዘፈን» የሚለውን ሣጥን የሠራ ቋንቋ እዚያ ራሱ በሣጥን ገባ። እኛ ላይ ሲደርስ ቅር የሚለን ነገር ሌላው ላይ ስናደርገውም ያው ነው።

4. የሚነሱ ተቃውሞዎች

አንደኛው፦ «አዲስ አበባ አማርኛ ተናጋሪ ናት» ይባላል። እውነት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከከተማው ነዋሪ 71 በመቶው አፍ የፈታው በአማርኛ ነው። ይሁን እንጂ 10.7 በመቶው በኦሮምኛ፣ 8.4 በመቶ ያህሉ በጉራግኛ ነው የፈታው። ከዚህም ሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋ ጣዕም አይደለም። ለእንግሊዝኛ ዘፈን ግጥሙ ሳይገባን ቦታ የሰጠን ሰዎች ለኦሮምኛ ሲሆን «አይገባንም» ማለታችን ሚዛን ያጣል። በከተማችን ሠርግ ላይ የጉራጊኛ ምት ሲመታ «ቋንቋውን አላውቅም» ብሎ የሚቀመጥ ማን ነው?

ሁለተኛው፦ «ዛሬ በየቋንቋው ጣቢያ አለ» የሚል ነው። ይህም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ለየብቻ ጣቢያ መኖሩ የጋራውን ጣቢያ ከጥያቄ አያድነውም፤ አሜሪካም የጥቁር ጣቢያዎች ነበሯት።

5. ጉዳዩ ስሜት ብቻ አይደለም

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር የሚሰበሰብበት መንገድ ተዘርግቷል። ክፍያ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ ታይቶ ሲከፋፈል፣ ያልተጫወተ ዘፈን ባለቤት ዝናም ገንዘብም ያጣል። ወጣቱ ድምፃዊም ይህን አይቶ በእናቱ ቋንቋ መዝፈኑን ይተዋል። ከዚያ በኋላ «በዚያ ቋንቋ ጥሩ ዘፈን የለም» ማለት ቀላል ነው።

6. እንቁጠር

ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች የማቀርበው ልምምድ ይህ ነው። ሦስት ተማሪዎች አንድ ጣቢያ ይምረጡ፤ ለሰባት ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ያዳምጡ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ይመዝግቡ፦ ሰዓቱን፣ ድምፃዊውን፣ ቋንቋውን፣ ስልቱን፣ ማን እንደመረጠው (አቅራቢው ወይስ አድማጭ)፣ በዘወትር ፕሮግራም ወይስ በልዩ ፕሮግራም እንደተጫወተ።

የመጨረሻው ዓምድ እንዳይዘለል። ለምሳሌ ያህል (ቁጥሩ ለማስረዳት የታሰበ ነው) ከ200 ዘፈን 20ው ከአማርኛ ውጭ ባሉ የአገራችን ቋንቋዎች ቢሆን 10 በመቶ ነው፤ ደህና ይመስላል። ከ20ው 16ቱ በአንድ ልዩ ፕሮግራም የተጫወቱ ከሆነና ፕሮግራሙ ሌላ ዘፈን ካልነበረው ግን፣ በዘወትሩ 184 ዘፈን ውስጥ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው፤ ይህም 2 በመቶ ያህል ነው። ሣጥኑ የሚታየው በዚህ ስሌት ነው።

መደምደሚያ

አቅራቢዎችን በክፋት መክሰስ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም። ብዙዎቹ ያደጉበትን ነው የሚያጫውቱት። ሆኖም ማንም ሳይቆጥር «ሕዝብ ወደደው» ማለት ለሕዝቡም ለሙዚቃውም አይበጅም። ጣቢያዎች ልዩ ሰዓቱን ሳያጠፉ ከየቋንቋው የተመረጡ ዘፈኖችን በዘወትር ፕሮግራማቸው መካከል ቢያስገቡ ወጪ የለውም፤ የሚጠየቀው የድምፃዊውን ስምና ቋንቋውን በትክክል መጥራት ነው። የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ደግሞ መዝገብ ይዞ መቀመጥ ነው። ውጤቱ ግምታችንን ቢያፈርስም እንኳ በግምት ከመከራከር ይሻላል።