«ማሽ» በተባለው ድራማ ውስጥ ስለሚገኙ ስሕተቶች

«ማሽ» የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀልድ ድራማ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በአንድ የጦር ሜዳ ሆስፒታል የነበሩትን ሐኪሞች ኑሮ ያሳያል። ወደዚያ ጦርነት የእኛም ቃኘው ሻለቃ ዘምቷል፤ የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ተሳፍሮ፥ በዚሁ በአቃቂ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ ወርዷል። ስለዚህ የድራማውን ስሕተቶች መመርመር ለእኛ ትምህርት ይሆናል።

1ኛ፤ የዘመን ስሕተት። ጦርነቱ ከሰኔ 18 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. 3 ዓመት ከ1 ወር ያህል ቆየ። ድራማው ግን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1983 ድረስ 11 ዓመት ታየ። ኮሎኔል ፖተር ወደ ሆስፒታሉ የመጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1952 ነው ተብሎ ሳለ፥ በሌላ ክፍል የ1951ን አዲስ ዓመት እዚያው ሲያከብር ይታያል። ከመምጣቱ 20 ወር ቀድሞ ተገኘ ማለት ነው።

2ኛ፤ የሰው ታሪክ ስሕተት። ሐኪሙ ሆክአይ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለእናቱና ለእኅቱ ሰላምታ ይልካል። በኋላ ግን እናቱ በልጅነቱ የሞተችበት፥ እኅትም ወንድምም የሌለው ሰው ሆኖ ይገኛል።

3ኛ፤ የቦታ ስሕተት። የኮሪያ ተራራ ተብሎ የሚታየው በካሊፎርኒያ፥ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በማሊቡ የሚገኝ ተራራ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ደራሲዎቹ ብዙዎች ነበሩ፤ እየተለዋወጡም ይጽፉ ነበር። ተመልካቹም በሳምንት አንድ ጊዜ አይቶ ስለሚያልፍ፥ የዛሬውን ካለፈው ዓመት ጋር የሚያስተያይ አልነበረም።

ይህ ነገር ወደ እኛም ይመጣል። 1943 ዓ.ም. እና 1951 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዘመቻ የሚነገሩ ቍጥሮች ናቸው፤ ጸሐፊው በየትኛው አቈጣጠር እንደ ጻፈ ካልገለጸ፥ በመካከላቸው የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት ይወለዳል። ከቃኘው ዘማቾች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ከመካከላችን የአንድ ዘማች ቃል ለመጻፍ ዕድል ያገኘ ሁሉ፥ ዘመኑን ከነአቈጣጠሩ፥ በአንደኛው፥ በሁለተኛው ወይስ በሦስተኛው ሻለቃ እንደ ዘመተ ጠይቆ ይጻፍ፤ የጻፈውንም ከሌላ ምስክርና ከሰነድ ጋር ያስተያይ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ የቀልድ ድራማ ስሕተት አስቆ ያልፋል፤ የዘማቹ ታሪክ ግን ተሳስቶ ከተጻፈ በኋላ የሚያርመው ምስክር አይገኝም።