ጉበቱ የታመመ ምእመን አጥንቱም ይታሰብለት



በፉሪና በአካባቢዋ አጥቢያዎች በቆየ የጉበት በሽታ የሚሠቃዩ ምእመናንን ስንጠይቅ፣ ስለ ዓይናቸው ቢጫነትና ስለ ሆዳቸው እብጠት እንጠይቃለን። ስለ ወገባቸው ሕመም፣ በቀላል መውደቅም ስለ ተሰበረ አጥንታቸው ግን እምብዛም አንጠይቅም። ሆኖም ሁለቱ የተያያዙ ናቸው።

ከፀሐይ ብርሃን የምናገኘው ቫይታሚን ዲ አጥንትን የሚጠቅመው በመጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ከተለወጠ በኋላ ነው። ጉበት ሲደክም ይህ ሥራ ይጓደላል። ሐሞትም በበቂ ካልፈሰሰ ቫይታሚን ዲ ከምግብ በሚገባ አይወሰድም። የአልኮል መጠጥ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል። ጡንቻም ስለሚሟሽሽ በሽተኛው በቀላሉ ይወድቃል፤ የሳሳውም አጥንት ይሰበራል።

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር በ2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለዚህ በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ቴኖፎቪር ነው። ጥቅሙ ከፍ ያለ ቢሆንም የአጥንትን ጥንካሬ በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ይህን ሰምቶ ወይም ጸበል ጀምሬአለሁ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አይገባም፤ በሽታው በድንገት አገርሽቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላልና።

ከሁሉ በላይ የንስሐ አባቶችን የሚመለከት ጉዳይ አለ። ጉበቱ ጠጥሮ የቆየ ሰው ለረጅም ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ሲቆይ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል። ስለዚህ የሚጎዳው የምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱም ጭምር ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ለሕሙማን ያዝናል። በሽተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አባት ቀድሞ ይጠይቀው። የጾም ምግብ ለሚመገበውም ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሰሊጥና ጎመን ከጤፍ እንጀራ ጋር በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይቅረብለት።

ሰበካ ጉባኤያትም በቅዳሴ ጊዜ መቀመጫ ያዘጋጁለት፤ የሚያንሸራትተውን ደረጃ ያስተካክሉ። ድንገተኛ የወገብ ሕመም ወይም የቁመት ማጠር ያዩበትን ሰው አጥንቱ እንዲመረመር ወደ ጤና ተቋም ይላኩት። በሽተኛን መጠየቅ ምግባር ነው፤ እንዳይወድቅ መደገፍም የዚያው ምግባር ክፍል ነው።